የሻወሩ ራስና የባለቤቴ ትከሻ

ባለቤቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ለሐኪሙም፣ ለልጆቻችንም፣ ለእኔም የሰጠችው መልስ አንድ ነበር፤ «ሰው የሚያጥበኝ ሬሳ ስሆን ነው።» ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነርሷ እርጥብ ፎጣ ይዛ በቀረበች ቁጥር ፎጣውን ተቀብላ በገዛ እጇ ትጠርግ ነበር፤ እጇ ያልደረሰበትን እንዳለ ትተወዋለች።

ባለቤቴ ቆራቢ ናት። ቅዳሜ ገላዋን ሳትታጠብ እሑድ ወደ ቅዳሴ ሄዳ አታውቅም። ወደ ቤት ስትመለስ በክራንች መራመድ ችላ ነበር፤ ከባልዲ እየቀዱ በራስ ላይ ማፍሰስ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ። ስለዚህ የነገሩ መፍትሔ ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ወደቀ፤ ከባኞው በላይ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የኤሌክትሪክ ሻወር ላይ። ባኞው ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ አስቀመጥሁላት። እዚያ ተቀምጣ የሻወሩን ራስ በእጇ ይዛ ልትታጠብ ነው። የጎደለን ራሱ ብቻ ነበር፤ አሮጌው የወደቀች ዕለት ልትደገፍ ስትጨብጠው አብሯት ወድቆ ተሰንጥቋል።

ስለዚህ ዕቃ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ሳጥኑ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ የለም፤ ውሃው የሚሞቀው እያለፈ ነው። ፈጥኖ ያለፈ ለብ ይላል፤ የዘገየ ይፋጃል። የፍኖተ ሰላም ውሃ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ፣ ከዚያም ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር በገዛ ክብደቱ የሚወርድ ደካማ ውሃ ነው። እንግዲህ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ራስ ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ውሃውን የማያንቅ መሆን አለበት። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ግን ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም አስተምሬዋለሁ።

የከተማችን ሱቆች የያዙት ሁሉ እንደ ምጣድ አክንባሎ የሰፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀዳዳው ግን የመርፌ ጫፍ የማያስገባ ነበር። አንዱን ባለሱቅ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው እንዳለው ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ስንት ዓመት ስነግድ ቀዳዳ የሚመረምር ደንበኛ ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ።

«ሌሎቹ ምን ይመረምራሉ?»

«ቀለሙን።»

መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ቀን ማልጄ በሚኒባስ ቡሬ ሄድሁ። እዚያ አንድ አሮጌ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ ከሚስማር ሳጥኖች ሥር፣ አቧራ የለበሰ ነጭ ፕላስቲክ አገኘሁ። መልኩ አያምርም፤ ቀዳዳው ግን ምስር ያሳልፋል። እንደ ዕንቁላል ጠቅልዬ ይዤው ተመለስሁ።

ቤቴ ስደርስ ሳሎኑ በባለቤቴ የማርያም ማኅበር ሴቶች ተሞልቷል፤ በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተዋል። ቀደም ሲል ስለ ሻወሩ ያማከርሁት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከሄድሁ በኋላ ሴቶቹ አስጠርተውት ኖሮ፣ መፍቻውን እየጠራረገ ከባኞ ቤት ወጣ። ገብቼ አየሁ። ወርቅማ፣ የትሪ ያህል የሰፋ፣ በእጅ ለመያዝ የማይመች ራስ ከላይ ተገጥሟል።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሸ፤ ቤትዎ ሆቴል ሆነ» አለ ሠራተኛው።

«ማን ግጠም አለህ?»

«እትዬዎች ናቸዋ። የማኅበሩ ስጦታ ነው።»

«ጠባብ ቀዳዳ ውሃውን ያንቀዋል ብዬህ አልነበረም?»

«ውሃ መቼም ውሃ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሻወር ነው እንዴ ጋሸ?»

«የተማርሁት ሙቀት ነው። ፍታው።»

ድምፄ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ከሴቶቹ በዕድሜ የምትበልጠው ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኛ ያዋጣነውን ነው የሚፈታው?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ባለቤቴ፣ «ተዉት፣ ያምራል» አለችና አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። በአገራችን የጠያቂ ስጦታ አይመለስም፤ የመለሰ ሰው ምርቃቱን አብሮ እንደ መለሰ ይቆጠራል። ነጩን ራስ እንደ ተጠቀለለ መስኮቱ ላይ አኖርሁት። እንግዶቹ ሲወጡ ግን ሳልፈትሸው እንዳትነካው ባለቤቴን አስጠነቀቅኋት። «እሺ» አለች።

ቅዳሜ እኔ ለቀብር በወጣሁበት ታጠበች። ስመለስ ፀሐዩ እንደዚያ እየጠበሰ ጋቢ እስከ አንገቷ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«ውሃው እንዴት ነበር?»

«እንደ ዝናብ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ዳሌዬን ቆረጠመኝ አለች። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ይህች ሴት ወባ እያንቀጠቀጣት ያስቀደሰች ናት። ሰኞ ጠዋት መድኃኒቷን ለማንሣት ስትንጠራራ ጋቢው ተንሸራተተ። ትከሻዋ ቀልቶ የመዳፍ ያህል ውሃ ቋጥሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትንሽ ሞቀብኝ።»

«ትንሽ?»

«መጀመሪያ ለብ ብሎ ነበር፤ ኋላ ድንገት ፈላ። ፈጥኜ መነሣት አልቻልሁም።» ጋቢውን መለሰችው። «ቢፈነዳና ቢፈስ የንስሐ አባታችን አያቆርቡኝም፤ ስለዚህ ቀረሁ። ለሴቶቹ እንዳትነግር።»

«የተቃጠልሽው አንቺ፣ የምታፍሪው አንቺ?»

«ለእኔ ብለው ነው ያመጡት። በእኔ ቁስል እነርሱ ለምን ይሸማቀቁ?»

በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን ተቆጥቼ አላውቅም። ቀለም መርጦ ቀዳዳ የማይመርጥ ነጋዴ አናደደኝ። የማያውቀውን ነገር በቀልድ የሚሸፍን ባለሙያ አናደደኝ። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ይሉኝታ ነው። ጨዋነት እንለዋለን፤ ልጆቻችንንም እናስተምረዋለን። ባለቤቴን ያቃጠላት ውሃው ብቻ አይደለም። ሰባት ሴቶች ቅር እንዳይላቸው አንዲት ሴት ቆዳዋ ተቃጥሎ «እንደ ዝናብ» ትላለች፤ ባሏም ልክ መሆኑን እያወቀ፣ በገዛ ቤቱ፣ አንድ ዕቃ ለማስፈታት አፉ ይታሰራል።

ያን ጊዜውኑ ተነሥቼ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ከቆጣሪው ሥር አጠፋሁ። ወርቅማው ራስ በእጅ ብቻ ተፈታ፤ መፍቻ እንኳ አላስፈለገውም፤ ይህም አናደደኝ። የነጩን ራስ ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚገባውን ላስቲክ፣ አጥቤ አስገባሁ፤ ራሱን በጣቶቼ አጠበቅሁ። ቀዝቃዛውን ለቅቄ የቧንቧው አየር እስኪወጣ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ማብሪያውን መልሼ ክንዴን ከውሃው ሥር ያዝሁ። ለብ አለ፤ ሞቀ፤ እዚያው ላይ ጸና። ክንዴን እስኪሸበሸብ ድረስ አላነሣሁም።

«የእነርሱን ምን ታደርገዋለህ?» አለች ከበሩ።

«እጥለዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔም አልታጠብም።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። ያሸነፈችው እርሷ ናት። ወርቅማውን ራስ ከባኞው በላይ፣ ከነጩ ጎን፣ ግድግዳውን በስቼ በብሎን አሠርሁት። ከምንም ቧንቧ ጋር አይገናኝም። የትክክለኛ ነገር አስተማሪ ሆኜ በኖርሁበት ዕድሜ መጨረሻ ውሸትን ግድግዳ ላይ፣ ያውም በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ሰቀልሁ።

ሴቶቹ ዳግመኛ ለጥየቃ ሲመጡ ባኞ ቤቱን እየገቡ አዩ።

«ይኸ ነጩስ የምንድን ነው?» አለች ታላቂቱ።

«የእርሳቸው ነው» አለች ባለቤቴ ወደ እኔ በአገጯ እየጠቆመች፤ «አዲስ ነገር አይስማማቸውም።»

«የተማረ ሰው እንዲያ ነው፤ ያረጀ ካልሆነ አያምንም» አለች ሌላዋ፤ ሳቁብኝ። እኔ የሙቀትን ሕግ ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ባለቤቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

ትከሻዋ ደርቆ ጠባሳ ሲያበጅ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በርጩማውን አስተካክዬላት ወጣሁና ከበሩ ውጭ ቆምሁ። የውሃው ድምፅ ተሰማ፤ ሳይቆራረጥ ይወርዳል።

«አይፋጅም?»

ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

«ቀዘቀዘ እንዴ?»

«አንተ ሰው፣ ከበሩ ላይ ሂድልኝ» አለች ከውስጥ፤ «በገዛ እጄ እየታጠብሁ ነው።»