ለላሪሳ ብለን የተማርናቸው ስሞች

ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማው ጭርር የሚል ድምፅ፣ ቢሮም ሆነ ፖስታ ቤት ልስማው፣ ዛሬም ድረስ ቴክሳስ ውስጥ ወደ ሪቻርድሰኑ አፓርትመንታችን ይመልሰኛል። የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ውሎ ይመጣና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መቀስና ባለቀለም ወረቀት ይዞ ተቀምጦ፣ የየዕቃውን ስም በሩሲያኛ ይጽፍ፣ ከሥሩ አነባበቡን በእኛ ፊደል ያክልበትና እየዞረ ይለጥፍ ነበር። ጠረጴዛው ላይ «ስቶል»፣ መስኮቱ ላይ «አክኖ»፣ የማንኪያው መሳቢያ ላይ «ሎዥካ»።

ይህ ሁሉ ድካም ለላሪሳ ነበር። ላሪሳ አባቴ በወጣትነቱ ሚንስክ ስለ ትራክተር ሲማር፣ እናቴን ከማወቁ በፊት የወለዳት ልጁ ናት፤ እኔ እህት እንዳለኝ የሰማሁት በዚያ መስከረም ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን ነበረች፣ የቪዛ ወረቀቷ አልቆ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልትመጣ ነው ተባለ። ከሩሲያኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም።

እናቴ ግን እንኳን ቋንቋዋን ልትማር ስሟንም አትጠራም ነበር። «የአባትሽ እንግዳ» ነበር የምትላት። አባቴን «እሷ አትምጣ አልልህም፤ አርሊንግተን ጓደኛህ ሰፈር ክፍል ተከራይላት። እዚህ ግን፣ ማለቴ፣ አልችልም» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ክፉ አይደለችም፤ ፕሌኖ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናት ስታጥብና ስታገላብጥ የምትውል ሴት ናት። የላሪሳ ነገር ሲነሳ ግን ፊቷ ይጠቁርና፣ ኩሽና ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ እየላጠች «ኩሽናዬ ትምህርት ቤት አይደለም!» ትል ነበር። እኔ ደግሞ እህት አምሮኛል። አልጋዬን ወደ ግድግዳው ገፍቼ፣ ክፍሌን ለሁለት አጋምሼ፣ የእናቴ ልብ እስኪራራ እጠብቅ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ በረዶ ለብሶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የአባቴ ትምህርት ቀኑን ሙሉ ይቀጥል ነበር። ሰማያዊው ወረቀት ለወንዴ ስም፣ ቀዩ ለሴቴ፣ አረንጓዴው ከሁለቱም ላልሆነው ነው። ማንኪያ ሴት፣ ጠረጴዛ ወንድ ሆነው መስኮት ከሁለቱም አለመሆኑ በጣም አናደደኝ። «ማን ወሰነ?» ስለው፣ «አሮጌዋን መኪናችንን ‹እሷ› በይ ብሎ ለአንቺስ ማን ወሰነልሽ?» ብሎኝ ይስቃል። የቃላቱን ዘር ማንዘር መቁጠር ሲጀምርማ ማን ያስቆመዋል! በሩሲያኛ መስኮት ስሙን ያገኘው ከዓይን ነው፤ ድብን ደግሞ የጥንት ሰዎች በስሙ መጥራት ስለፈሩ «ማር በሊታ» አሉት፣ እውነተኛ ስሙም በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

«እንደ እማዬ ማለት ነው» አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። ከባድ ነገር መናገሬ የገባኝ ያኔ ነው።

ሚያዝያ መጣ፣ ያ የቴክሳስ ዝናብና በረዶ የመኪኖቹን ጣራ ይቀጠቅጥ ጀመር። እናቴ ወረቀት መላጡን ተወች፣ ግን አንዱንም ቆማ ስታነብ አላየኋትም። አባቴ ተስፋ ቆርጦ አንድ ቅዳሜ አርሊንግተን ሄዶ ክፍል አይቶ መጣ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ!

ሰኔ ላይ ላሪሳ የምትገባበት ቀን ደረሰ። እናቴ «አልመጣም» ስትል ሰንብታ፣ እኔና አባቴ ኤርፖርት ቆመን ሳለ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እያለከለከች ደረሰች። ላሪሳ ወጣች፤ ረጅም፣ የአባቴን ግንባር የያዘች፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ያንጠለጠለች፣ ፊቷ አመድ የመሰለ ልጅ። አባቴ ወሩን ሙሉ የተለማመደው ንግግር ጠፍቶት እንደ ግንድ ተገተረ። እናቴ ገፋ አድርጋው አለፈችና እጇን በልጅቷ ግንባር ላይ ጣል አድርጋ «ጋላቫ?» አለቻት። ራስሽን ነው? ልጅቷ ደነገጠች። እናቴ ወደ ሆዷ አመለከተች። «ዢቮት?» ሆድሽንስ? «ቫዳ?» ውኃስ ትፈልጊያለሽ? ላሪሳ እናቴ ትከሻ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች።

እናቴ መኪና ውስጥ ነው ምስጢሩን ያወጣችው። መጦሪያው ውስጥ ካረጀች በኋላ እንግሊዝኛዋ የጠፋባት አንዲት የሩሲያ ሴት ነበረች፤ እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ እሷን ለማስታመም ስትል የሕመሙን፣ የውኃውን፣ የብርድ ልብሱን ስም ለቅማለች፣ ለእኛ ግን ትንፍሽ አላለችም።

«አሮጊቷ ጠያቂ አጥታ በር በር ስታይ፣ ይቺኛዋስ ማን አላት እያልኩ ከራሴ ጋ ስሟገት ከረምኩ» አለች። «ሶ፣ አርሊንግተን የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

አባቴ እንባውን እየጠረገ፣ ዢቮት የሚለው ቃል በጥንቱ የስላቭ ቋንቋ ሕይወት ማለት እንደነበረ ሊያስረዳን ጀመረ።

«ወይ ጉድ! አሁን እንኳ ዝም ብለህ ንዳ» አለችው።

ያኔ ላሪሳ የት ትደር የሚለው ነገር ቤታችንን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ዛሬ እናቴ ጡረታ ወጥታለች፤ ላሪሳም እዚያው ሰፈር፣ ከእሷ ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ትኖራለች፣ አማርኛዋም ከእኔ ይጣፍጣል። እቀናለሁ፣ አልዋሽም፤ እማዬ ለእኔ የምትደውለው የላሪሳ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ነው።