ለሬይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ልጄ ናቲ በቀደም ከቤዝቦል ጨዋታ ሲመለስ፣ ስታዲየሙ በር ላይ በነፃ የሚታደል አሻንጉሊት ይዞ መጣ። ጭንቅላቱ በሽቦ የተተከለ ነው፤ በጣት ሲነኩት እሺ እሺ እያለ ይነቀነቃል። ምስሉ የአንድ ዝነኛ ተጫዋች ነው። ሰውየው ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ክለቡ ግን ገና ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ፣ የገንዘቡ ልክ የሰማውን ሁሉ የሚያስደነግጥ ኮንትራት አስፈርሞታል። «ባድ ኮንትራት ነው ዳድ» አለኝ ናቲ፣ አሻንጉሊቱን ቴሌቪዥኑ አጠገብ እያቆመ። «ጉልበቱ አልቋል እኮ። ሂ ኢዝ ዳን።»

ናቲ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው ስለ ሰው ማለቅ እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር ስሰማ ንዴቴ መጣ። ከንዴቱ ጋር የቆዳና የሚያቃጥል የጡንቻ ቅባት ሽታ አብሮ መጣ። ሽታው የሬይ ነው።

ቤተሰቤ በሱዳን በኩል አድርጎ ዴንቨር ሲገባ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግሌንዴል ውስጥ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በታጨቀበት አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ ዳውንታውን የሆቴል እንግዶችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል፤ እናቴ እንግልውድ አረጋውያን ትንከባከባለች። የእኔ ዘመን ልጆች እንደምታስታውሱት፣ ያኔ የየቤቱ አስተርጓሚ ልጁ ነው። የሐኪሙን ምክርም ሆነ የአከራዩን ቁጣ ወደ አማርኛ የማዞረው እኔ ነበርኩ። ቁጣውን ከምክሩ ይልቅ አሳምሬ እተረጉም ነበር።

ሬይ ከእኛ በታች ባለው ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ዴንቨር በዚያን ጊዜ የራሷ ትልቅ የቤዝቦል ክለብ አልነበራትም። የነበራት፣ የሌላ ከተማ ትልቅ ክለብ ወጣቶቹን የሚያበስልበትና ያረጁትን የሚያራግፍበት ሁለተኛ ቡድን ነው። ሬይ ከሚራገፉት ነበር። በደጉ ዘመኑ በትልቁ ክለብ ሲጫወት ሰው ለእሱ ሲል ስታዲየም ይገባ እንደነበር የነገረን እሱ ራሱ ሳይሆን የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ አንድ ተጫዋች ክለቤ አልተመቸኝም ብሎ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። የሰጡትን ተቀብሎ ይጫወታል፣ ካልፈለገ ቤቱ ይቀመጣል። ይህ ሕግ የተቀየረው የሬይ ደግ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ከጨዋታ ሲመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ያስራል። አባቴም ከሥራ ሲገባ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ጫማውን ያወልቃል። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሁለቱም ለሰው ሲሮጡ የዋሉ ሰዎች ስለሆኑ ብዙ የሚያስረዱትም አልነበራቸውም። እኔን ሬይ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ኳስ መቅለብ አስተማረኝ። የእሱ የቆዳ ጓንት ለእጄ ሰፊ ነበር፤ ውስጡ በላቡ ጠቁሮ፣ ሲዘጋ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይል ነበር። ኳስ ሲመጣ ዓይኔን ስጨፍን «አትፍራት፣ እሷ አንተን አታውቅህም» ይለኛል። እናቴ ስለ ዴንቨር ሕዝብም እንዲሁ ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሬይ ደረጃው ላይ እንዳለን፣ ለአባቴ እንድነግርለት ፈልጎ፣ ወደ ዴንቨር የመጣበትን ምክንያት ነገረን። የቡድኑ ኃላፊ ጨብጦት ቃል ገብቶለታል፦ እዚህ ወርደህ ተጫወት፣ ወጣቶቹን አስተምርልን፣ መጫወት ሲያቅትህ አሰልጣኝ ሆነህ ትቀራለህ። ስለዚህ በትንሽ ደመወዝ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ እየተጓዘ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ይጫወታል። አባቴ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ሰው ነው የገጠመው» አለ።

በበጋው አጋማሽ አንድ እኩለ ቀን ላይ ሬይ ትልቁን ሻንጣውን ይዞ መጣ። ሜዳ ላይ መሆን በሚገባው ሰዓት መምጣቱ ብቻ ነገሩን ተናገረ። ቃል የገባለት ኃላፊ ለቅቆ፣ በምትኩ አንድ ወጣት ተሹሟል፤ ወጣቱም ጠዋት ጠርቶ አሰናብቶታል። አሰልጣኝነቱንም እኔ አላውቅም ብሎታል። ሬይ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው አልሳቀም።

«ማንን ሽማግሌ ላከባቸው?» አለኝ።

«ማንንም።»

«ሰው ከሥራው ሲባረር ማንንም ሳይልክ ዝም ይላል?»

«እዚህ አገር እንደዚያ የለም አባዬ።»

«ይሄ ደግሞ ትናንት ተወልዶ አገር ያስተምረኛል» አለ ለእናቴ፣ ጫማውን መልሶ እያሰረ። ከዚያ ጋሼ ዘውዴ ቤት ሄደ።

ጋሼ ዘውዴ ከእኛ ሰዎች በዕድሜ ትልቁ ናቸው። በአገራቸው ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ የደም ነገር አብርደዋል፤ እዚህ የቢሮ ወለል ያጸዳሉ። ከእሳቸውና ከአባቴ ጋር ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ካሳ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የሦስቱም የዕረፍት ቀን በገጠመበት ዕለት፣ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ጋሼ ዘውዴ በኮቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔም ሸሚዜ እስከ አንገቴ ተቆልፎልኛል። ለሬይ አልነገርነውም፤ የሚለመንለት ሰው ቤቱ ይቆያል እንጂ አይጠየቅም።

የክለቡ ቢሮ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ የሃይማኖት ሰዎች መሰልናት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስገባችን። ወጣቱ ኃላፊ ተነሥቶ ተቀበለን፤ ወንበር እያሳየ ተቀመጡ አለ። ማንም አልተቀመጠም።

«የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም በለው» አሉኝ ጋሼ ዘውዴ።

አልኩት። ግራ ገባው። ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ የነበረው እሱም ተመልሶ ቆመ። ከዚያ «የሬይ አጀንቶች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉን ስለማላውቀው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ስለ ተጫዋቹ የሚደራደር፣ ከሚያገኘውም ላይ ድርሻ የሚወስድ ሰው ነው አለኝ።

ስተረጉምላቸው ጋሼ ዘውዴ ፊታቸው ተለወጠ። «ድርሻ? ጎረቤቶቹ ነን በለው።»

«ጎረቤቶቹ» አለ ኃላፊው፣ የሰማውን ለማረጋገጥ።

«ለዚህ ሰው ቃል ተገብቶለታል» አሉ ጋሼ ዘውዴ። «ቃሉን የሰጠው ሰው ቢሄድ ቤቱ አለ። አንተ ቤቱን ስትረከብ ቃሉንም ተረክበሃል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ስለ ሽበታችንም ብለህ፣ ሰውየውን በክብሩ አስቀምጠው።»

በልጅ እንግሊዝኛ የቻልኩትን ያህል አልኩ። ሽበት የሚለው ላይ ተቸግሬ የጋሼ ዘውዴን ራስ በጣቴ አሳየሁ። ኃላፊው በጽሑፍ የተደረገ ነገር እንዳለ ጠየቀ። የለም፣ ተጨባብጠዋል አልነው። እንግዲያው አዝናለሁ አለ፤ ሬይ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት ተከፍሎታል፣ አሁን ጉልበቱ አልቋል።

ይህን ጊዜ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ጨረሰው ብለህ ጠይቅልኝ» አለኝ።

ጠየቅኩት። ሰውየው ፈገግ አለ። ከመሳቢያ አራት የቡድኑን ኮፍያዎች አውጥቶ ለእያንዳንዳችን ሰጠን። የእኔን ራሱ ጭንቅላቴ ላይ አደረገልኝና እስከ በሩ ሸኘን።

ኮፍያዎቻችንን እንደያዝን አውቶቡስ ተሳፈርን። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ አቶ ካሳ በዚያ ቀን የመጀመሪያ የሆነውን ቃላቸውን ተነፈሱ። «ልጁ ግን ጨዋ ነው።»

«እሱ ነው ያቃጠለኝ» አለ አባቴ። «ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበን የሆነ ነገር እንዳደረገ ያውቃል።»

ለሬይ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዕቃውን መኪናው ላይ እየጫነ ነበር፤ ካንሳስ እህቱ ጋ ሊሄድ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ «ሦስቱም ቆመው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ገብቶ ሸሚዝ ለውጦ፣ ከረባት አስሮ ወደ ቤታችን ወጣ። አባቴን ጨበጠው፤ እጁን ሳይለቅ ብዙ ቆየ። በማግስቱ አባቴና ጋሼ ዘውዴ አልጋውን አውጥተው ጫኑለት። ከሚያሠለጥናቸው ወጣቶች አንድም አልመጣም። ከዚያ በኋላ ሬይን አላየሁትም።

እንግዲህ ዛሬ ኦሮራ የምቆረጥበት ጸጉር ቤት ስገባ የምሰማውን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑ ስለዚያ ኮንትራት ያወራል፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዳው ወዳጄ ለክለቡ ባለቤት አዝኖለታል። የራሱ መኪና ጎማ አልቆ፣ የቢሊየነሩ ገንዘብ ባከነ ብሎ ይብሰለሰላል። ለአሮጌ ሰው ይህን ሁሉ? ይለኛል። ገንዘቡ ለወጣቶቹ በዋለ ይለኛል። ለወጣቶቹ አይውልም። ዛሬም ወጣቱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት፣ በጣም በሚሮጥባቸው ጊዜ፣ ክለቡ በቆረጠለት ርካሽ ዋጋ ነው የሚጫወተው፤ ያኔ ማንም ጸጉር ቤት ውስጥ አያዝንለትም። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ የሚሰጡት የዛሬ ጉልበቱን ዋጋ አይደለም። ውዝፉን ነው። ሳረጅ ይከፈለኛል ብሎ የጠበቀውን፣ ሬይ በመጨባበጥ ያገኘውንና በመጨባበጥ ያጣውን፣ ይኸኛው በወረቀት አስፈረማቸው። አበጀ።

ደግሞ በክለቦቹ ብቻ ብናደድ ቀላል ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ የሰፈራችን ሰው በማሽን ተተክቶ ተሰናበተ። ጡረታው አልደረሰም። አሁን እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤ ከመሃላችን ጠበቃም ሒሳብ አዋቂም አለ። አንድም ሰው ሱፉን አልለበሰም። ደውለን አይዞህ አልነው፤ ስልኩን ስንዘጋ ቢዝነስ ነው ተባባልን። ያ ኮፍያ ያደለን ወጣት ኃላፊ እንኳ እንዲህ አቅልሎ አልተናገረውም። አባቶቻችን አገሩ አልገባቸውም እያልን እንስቅባቸው ነበር። ገብቶን ያተረፍነው ይህን ነው።

ይህን ሁሉ ለናቲ ነገርኩት። ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ፤ ያ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ፣ ልጄ ስለሆነ፣ መከራከሩን ቀጠለ።

«ኦኬ ዳድ፣ ሬይ ያሳዝናል። ግን ይሄኛው ክለብ ከሦስት ዓመት በኋላ ይቆጨዋል። አይ ፕሮሚስ ዩ።»

«ይቆጨው» አልኩት።

ሬይን ባባረሩት ቀን ክለቡ ውስጥ የቆጨው ሰው አልነበረም። የቆጫቸው ሦስት የሰው አገር ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ሱፋቸውን ሰቅለው በማግስቱ ሥራ ገቡ። አሁን ቁጭቱ ቢያንስ የሚገባው ቤት ገብቷል፤ ለብዙ ዓመት እዚያው ይክረም።