በእኔ ስም የወጣው ፋይል

ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ጸሐፊ አለች፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ዝምተኛ የአገሩ ልጅ። ኮምፒውተሯ ከየሰዉ ፍላሽ በሚገባ ቫይረስ አልነሳ ሲላት፣ ዊንዶውሱን አጥፍቼ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩላት። ያኔ ከሊኑክስ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ሻይ ቤት የማወራው እሱን ነው፤ በቴሌግራም የሊኑክስ ወዳጆች ቡድን ውስጥም መካሪው እኔ ነኝ።

"ነፃ ነው፤ ክፍት ነው። ማንም ውስጡን ከፍቶ ማስተካከል ይችላል" አልኳት።

በሳምንቱ መጣች።

"መምህር፣ አማርኛው እጄን እያሳሳተው ነው። በለመድኩት ቁልፍ 'ፀ' ስል 'ጸ' ይወጣል። የምጽፈው የተማሪ ስም ነው፤ አንድ ፊደል ከተለወጠ አባትየው ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል።"

"ትለምጂዋለሽ" ብዬ ሸኘኋት። መፍትሔውን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለኝ።

ከወር በኋላ ፈተና ላስጽፍ ቢሮዋ ስገባ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሮጣሉ። ምን አድርጋ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ክፍት ነው ስላልከኝ ከፈትኩት" አለች። "የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የተዘረዘረበት ተራ ፋይል አለ። መጀመሪያ ዋናውን በሌላ ስም ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ በየምሳ ሰዓቱ አንድ አንድ መስመር እየቀየርኩ ሞከርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ሆነልኝ።"

እስቲ ልየው ብዬ በፍላሽ ወሰድኩት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት። "ሰሞኑን ስሞክር ቆይቼ ያገኘሁት መፍትሔ" ብዬ ጻፍኩ። ስለ እሷ አንዲት ቃል አላነሳሁም። ምስጋናው ሲጎርፍ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ፣ ከሮቢትና ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ጸሐፊዎች አንድ ቅዳሜ ሥልጠና እንድሰጥ ተጠየቅሁ። እሷም መጥታ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። እኔ በእሷ ፋይል ላይ ቆሜ አስረዳለሁ።

ከሮቢት የመጣ አንድ ጸሐፊ እጁን አወጣ። "መምህር፣ ሲስተሙ ሲታደስ ይሄ የቀየርነው አይጠፋም?"

አስቤበት አላውቅም። "አይጠፋም" አልኩ።

"የእኔ ጠፍቷል እኮ። ከቴሌግራም አውርጄ አስገባሁት፤ ባለፈው ሳምንት ሳድሰው ፊደሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ።"

ሁሉም አየኝ። ያን ጊዜ እሷ ከኋላ ተነሣች።

"መምህር ለእኔ ሲያሳየኝ ከሲስተሙ ፎልደር አስወጥቶ በራሴ ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጠው። እዚያ ከሆነ እድሳቱ አይነካውም። ዛሬ ሰው በዝቶበት ረስቶት ነው።"

ምንም አሳይቻት አላውቅም። ሄዳ ከሰውየው ጎን ቆመችና ቀስ ብላ አስተካከለችለት። እኔ ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲበተን በር ላይ ጠበቅኋት። "ያንን ቡድኑ ላይ…" ብዬ ጀመርኩ።

"አንብቤዋለሁ" አለች። "ቡድኑ ውስጥ አለሁ እኮ። አንተ የምትጽፈውን ልማርበት ብዬ ነው የገባሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? በሰው ፊት አስተማሪ ላዋርድ?"

ይቅር በይኝ አልኳት። "አላህ ይቅር ይበለን" ብላ ሻሿን አስተካክላ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

የዚያኑ ቀን እውነቱን ቡድኑ ላይ ጻፍኩ፤ ፋይሉ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ሥራ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ። ጥቂት ሰው አየው። የመጀመሪያው ጽሑፌ ግን እስከ ዛሬ ከቡድን ወደ ቡድን ይላካል፤ በቅርቡ እንኳ ከማላውቀው ሰው ምስጋና ደርሶኛል። ለእሱም እንዲሁ ጻፍኩለት።

የሮቢቱ ጸሐፊ አሁን ሲቸግረው የሚደውለው ለእሷ ነው። እኔንም ሰላም ትለኛለች፤ ዛሬም "መምህር" ትለኛለች። ነገር ግን ቢሮዋ ስገባ ስክሪኑ ላይ የምትሠራበትን መስኮት በቀስታ ዝቅ ታደርገዋለች። አዲስ ነገር እየሠራች እንደሆነ ይገባኛል። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፊት የለኝም።