ግራናይት ነው ያሉኝ ድንጋይ

ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስገባ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አገር ቤት አሥር ዓመት ሙሉ የሠራሁት የጂኦሎጂ ካርታ ነው፤ መዶሻና ኮምፓስ ይዤ ዓለት ለዓለት ስዞር ኖሬያለሁ። እዚህ ለኮሌጅ ስመዘገብ ዲፕሎማዬን የተቀበለችው ሴት ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጣ አየችና «ከመጀመሪያው ኮርስ ብትጀምር ይሻላል» አለችኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አየር ማረፊያው አጠገብ የመንገደኛ መኪና ፓርክ እያደረግኩ፣ ከሰዓት በኋላ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር የጂኦሎጂ መግቢያ መማር ጀመርኩ።

ትምህርቱ መቅለሉ አላናደደኝም። ያናደደኝ ፈተናው ነው። ሃያ ድንጋዮች ቁጥር ተለጥፎባቸው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፣ ስማቸውን ጻፉ ተባልን። ሁሉም ከቅልጥ ዓለት ቀዝቅዘው የተፈጠሩ ናቸው፤ ባዛልቱንም አንዴሳይቱንም ገና ከሩቅ ለየኋቸው። አሥራ አራተኛው ከከተማው በስተምሥራቅ ካሉት የካስኬድ ተራሮች የመጣ፣ ነጣ ብሎ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ ነበር። በአጉሊ መነጽሬ አየሁት። ነጩ ማዕድን ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ትይዩ ጭረቶች አሉት፤ ግራናይት ላይ የሚበዛው ሌላው ማዕድን ግን ከስንት አንድ ነው። የግራናይት ዘመድ ቢሆንም ግራናይት አይደለምና «ግራኖዳዮራይት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ ተሰምሮበት ከጎኑ «ግራናይት» ተብሏል።

አስተማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር።

«መልስ ወረቀቱ ግራናይት ነው የሚለው» አለኝ።

«መልስ ወረቀቱ ተሳስቷል።»

ፈገግ አለ። «ምናልባት በእናንተ አገር አጠራሩ ይለይ ይሆናል።»

ድንጋዩ የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም ልለው ይገባ ነበር። እንግሊዝኛው የመጣልኝ ግን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰፈሬ ሬኒየር ቫሊ ልደርስ ስል ነው። ለብቻዬ ሳጉረመርም አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ክፍሉ ወደ ተራሮቹ ሄዶ በተመደበለት ቦታ ዓለት አይቶ ሪፖርት እንዲጽፍ ታዘዘ። የሚተካኝ ሠራተኛ አርፍዶ መጣና የኮሌጁ ቫን ጥሎኝ ሄደ። እኔ ያለሁበት አፓርትመንት የሚኖሩ፣ አገር ቤት የሒሳብ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። የሕንፃው በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ «ግባ፣ ዛሬ ኦፍ ነኝ» አሉኝ።

የተራሮቹ መተላለፊያ ላይ ስንደርስ ጉሙ መኪና ከመኪና አያሳይም። ቫኑን ፈልገን ፈልገን አጣነው። በመጨረሻ መንገዱ ተራራውን ቆርጦ ያለፈበት ገደል አጠገብ እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው። ነጩ ዓለት ከነእርጥበቱ ቆሟል፤ መሐሉን ጥቁር ሰንበር ከታች እስከ ላይ ሰንጥቆታል። ሽማግሌው ጃንጥላ ይዘውልኝ ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«የቱ ነው ቀድሞ የመጣው?» አሉ።

«የተሰነጠቀው ነዋ፣ ጋሼ። ነጩ ከምድር በታች ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ፤ ለዚያ ነው የማዕድኑ ፍሬ የጎላው። ሲሰነጠቅ ጥቁሩ እንደ ጋለ በስንጥቁ ገባ፣ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ፍሬው ደቀቀ። ላዩ ያለውን ዝናብና በረዶ ሲበላው ነው ይህ የወጣው።»

እያንዳንዱን በእጄ አስነካኋቸው። ለወራት እንደዚያ ሳልንተባተብ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሰምተውኝ ሲጨርሱ «እና፣ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው መኪና የምታቆመው?» አሉ።

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ የሃይዌይ ፖሊስ ከኋላችን ቆመ። መኪናው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀ። ድንጋይ እያየን ነው ስለው ኢመርጀንሲ ካልሆነ መቆም እንደማይቻል ነግሮ አስነሳን። ስንመለስ ቤልቪውን አልፈን ወደ ሲያትል የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንወጣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እኔም ክፍል ውስጥ ተጮሆብኛል» አሉና ሬዲዮውን ከፈቱ።

ስለዚያ ገደል የጻፍኩት ሪፖርት የነጥቡን ግማሽ ብቻ አገኘ፤ ምክንያቱ ከተመደበው ቦታ ውጭ ነው የሚል ነበር።

ትምህርቱ ሲዘጋ አስተማሪው ቢሮው አስጠራኝ። አሥራ አራተኛውን ድንጋይ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባው አሳይቶት ኖሯል።

«ልክ ነበርክ። ውጤትህን አስተካክያለሁ፤ ይቅርታ» አለኝ። ከዚያ በግድግዳው ሙሉ የተደረደሩትን ድንጋይ የሞሉ መሳቢያዎች አሳየኝ። «ግማሾቹ ስማቸው የተሳሳተ ይመስለኛል። በሰመር ዕረፍት አብረኸኝ ብታስተካክል? ከዚያ በኋላ ለሥራ የሚሆን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

ስንት ወር የጠበቅኩት ንግግር ነው። ግን ደረቴ ላይ የተከማቸው ንዴት ቀደመኝ።

«ሥራ አለኝ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

ታክሲያቸው ውስጥ ለሽማግሌው ስነግራቸው መሪውን ለቀቅ አድርገው አዩኝ። «ሰውዬው በር ሲከፍትልህ አንተ መልሰህ ዘጋኸው?» አሉ።

ሰመሩን ሙሉ መኪና ሳቆም ስለ መሳቢያዎቹ አሰብኩ። መስከረም ላይ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ኮሌጁ ሄድኩ። የቢሮው በር ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፏል። አስተማሪው ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ መሄዱን ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ስለ መሳቢያዎቹ ጠየቅኳት፤ የምን መሳቢያ እንደምል አልገባትም። ሁለቴ አስረዳኋት። ሦስተኛውን ትቼ አመስግኜ ወጣሁ።