በጓደኛዬ ፈንታ የታሰርኩ ዕለት

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ያውም ለምኜ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ፌርፋክስ ከሚባለው መንገድ አጠገብ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ያኔ የሐበሻ ምግብ ቤት የለ፣ ሱቅ የለ፤ በዚያ መንገድ አማርኛ የሚሰማው እኛ ስንጣላ ብቻ ነበር። የምንጣላው ደግሞ በእሱ ዝንጉነት ነው። ቁልፍ ይረሳል፣ ምድጃ ላይ ድስት ይረሳል፤ አንድ ቀን እኔኑ ክሬንሾው የሚባል መንገድ ላይ ረስቶኝ በእግሬ ገብቻለሁ።

ይህ ዝንጉ ሰው ሊያገባት የሚመኛት ልጅ ነበረችው። ሦስት ዓመት በደብዳቤ ለምኗት፣ በመጨረሻ ልትጠይቀው ልትመጣ ሆነ። «አይቼህ ነው የምወስነው» ብላ ጻፈችለት። «አውሮፕላን ጣቢያ ካጣሁህ ግን ነገሩ እዚያው አበቃ፤ እህቴ ጋ ቦስተን እሄዳለሁ።» እንዳይረሳው ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

የምትመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለአቀባበሏ በግ እንግዛ ብለን ጠዋት ተነስተን በእሱ መኪና ከከተማ ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። በጉን የኋላ ወንበር ላይ ጭነን ስንመለስ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፖሊስ አስቆመን። መጀመሪያ በጉን አየ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ።

ጓደኛዬ ኪሶቹን ዳበሰ። «ላይሰንሴን ቤት ረስቼዋለሁ» አለኝ በአማርኛ። «ሶ... ምን ይሻላል?»

እኔ መንዳት አልችልም። ፖሊሱ ደግሞ ፈቃዱን በዓይኔ ሳላይ ሹፌሩን አልለቅም አለና ወደ ከተማዋ እስር ቤት ወሰደን። እስር ቤት ማለት ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጎን ያለች፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ በሯ የብረት ዘንግ የሆነ አንዲት ክፍል ናት። ድሮ ሰካራም ስካሩ እስኪበርድለት፣ ሌባ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ይቆይባት ነበር አሉ። አሁን መሰላልና ያረጀ ጎማ ተከማችቶባታል። ፖሊሱ ዕቃውን እያወጣ፣ «አንተ በአውቶቡስ ሂድና ፈቃዱን አምጣለት» አለኝ።

ንድድ አለኝ። እኔ ብሄድ ምን ይረባል? ልጅቷ አይታ የምትወስነው እሱን ነው። ያን ጊዜ የአባቴ አገር ትዝ አለኝ። እዚያም እስር ቤት የሚባለው በጭቃ ሹሙ ግቢ ያለች አንዲት ጎጆ ነበረች። ታሳሪው ልቅሶ ወይም ሠርግ ሲገጥመው ወንድሙ በእሱ ፈንታ ገብቶ ይቀመጥለታል፤ እሱም ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ይህንኑ ለፖሊሱ አስረዳሁት።

«አንተ እኮ ምንም አላጠፋህም» አለኝ።

«ያጠፋ ሰውማ እንዴት ዋስ ይሆናል?» አልኩት።

ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ሲያቅማማ ቆይቶ ጓደኛዬ በአውቶቡስ እንዲሄድ፣ በማግስቱ ጠዋት ፈቃዱን ይዞ እንዲመጣ ፈቀደ። በሩን መቆለፍ ግን አላሰበም። እኔ ካልተቆለፈ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጓደኛዬን አውቀዋለሁ፤ የቁልፉን ድምፅ በጆሮው ሰምቶ ካልሄደ አያስታውሰኝም። ተቆለፈ። እሱ እንባው መጣ፤ እኔ «ይልቅ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ!» ብዬ ጮህኩበት።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከኮሌጅ ፈተናና ከምግብ ቤት ሳህን አጠባ ያረፍኩበት ቀን ያ ብቻ ነበር። የፖሊሱ ሚስት ሾርባ አመጣችልኝ። በጉን ዛፍ ሥር አስረውት አበባዋን ሙልጭ አድርጎ ሲበላባት እንኳ ሳቀች። ሽማግሌው ከበሩ ውጭ ወንበር ስቦ ዳማ ተጫወትን፤ ሁለቴ አሸነፍኩት። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደርሶላት ይሆን?

በማግስቱ ረፋድ ላይ አውቶቡሱ መጣ። ጓደኛዬ ፈቃዱን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሮጠ ወረደና ወደ ፖሊሱ ሄደ። ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ ወርዳ፣ ግራ ቀኝ ሳትል ቀጥ ብላ እኔ ወዳለሁበት በር መጣች።

«እርስዎ ምን አጥፍተው ነው?» አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ በአክብሮት ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ተቆለፈብዎት?»

«እሱ አንቺን እንዲቀበል ነዋ።»

«ባይመለስስ?»

«ይኸው ተመለሰ።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ሚዜህ እሳቸው ናቸው አይደል?» አለችው።

እሱ ፈቃዱን ለፖሊሱ እያሳየ ነበር፤ ዞር እንኳ ሳይል «እ? ምን አልሽ?» አላት።

በሩ ገና አልተከፈተልኝም። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ «አንተ ደንቆሮ፣ እሺ አለችህ እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።