የሸፊ ጆሮና የአቶ ዓምሃ ሸቭሮሌ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። በሩ ላይ ጋራዥ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አልተለጠፈበትም፤ ምን ያደርግለታል! ጉለሌ ውስጥ ማኪና ያለው ሰው ሁሉ የሸፊን ግቢ ያውቀዋል። ማኪና የሌለውም ያውቀዋል፤ ሸፊ ሞተር አስነስቶ ሲሞክር ሰፈሩ በሙሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ያዳምጣልና።

ሸፊ ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። አብዮቱ መጥቶ ጋራዡ ሲወረስ ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሸፊም መፍቻዎቹን ሰብስቦ ግቢው ገባ። ሰው ግን የሚያደንቅለት መፍቻውን ሳይሆን ጆሮውን ነበር። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታም ሁለተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ በመንገድ ያለፈ አውቶቡስ የትኛው ካንዴላው እንደሞተ ለሾፌሩ ነገረው ተብሎ ይወራል። መቼም የጉለሌ ወሬ ትንሽ ሳይጨመርበት አይቀርም፤ ሸፊም አንድ ቀን እንኳ «ውሸት ነው» ብሎ አያውቅም።

አንድ ሕግም ነበረው። የጠገነው ማኪና ባለቤቱን ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ካልወጣ ከእጁ አይወጣም። ሜዳ ላይ ሁሉም ማኪና ደህና ነው ባይ ነበር።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አቶ ዓምሃ ሸቭሮሌያቸውን አስጎትተው መጡ። አቶ ዓምሃ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ማኪናዋን ገና በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዟት፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ ባለ ስምንት ፒስተን፣ ለአገር አቋራጭ መንገድ የተሠራች። ለውጡ ሲመጣ ግን እንዲህ ያለ ማኪና ይዞ ከተማ መዞር ራስን «አድሃሪ» ማስባል ሆነ። አቶ ዓምሃም ከጓሮ አቁመው ሸራ አለበሷት። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆመች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላ ጫጩት ፈልፍላበታለች።

አሁን ሸራዋን ያስገለጣት የባለቤታቸው የወይዘሮ የዓለምወርቅ ሕመም ነው። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ተይዘዋል። ሐኪሙ የሶደሬን ፍልውሃ አዞላቸው ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ግን እግር መዘርጊያ የለም፣ አንድ ጊዜ ሞክረው ከደብረ ዘይት እያለቀሱ ተመልሰዋል።

«ሸፊ» አሉ አቶ ዓምሃ፣ «እግሯን ዘርግታ ሶደሬ ደርሳ ትመለስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይተዉት ለኔ፣ ጋሼ» አለ ሸፊ።

ሞተሩን ሲከፍተው ካምሻፍቱ አልቋል። ካምሻፍት ማለት ሞተሩ ውስጥ የሚዞር ጉጥ ጉጥ ያለው ዘንግ ነው፤ ቫልቮቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ የሚያዘው እሱ ነው፤ የሞተሩ አተነፋፈስ በእሱ ይወሰናል። አየርና ቤንዚኑን ከካርቡራቶር ተቀብሎ ለየፒስተኑ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ደግሞ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቱም መለወጥ አለባቸው።

ሸፊ መርካቶን አንድ ሳምንት አሰሰ። ያገኘው ሁለት ጥንድ ነው። አንደኛው ተመሳሳይ ሞተር ካለው የጭነት መኪና የወጣ፣ ለዘብ ያለ ካምሻፍት ከባለ ሁለት አፍ ካርቡራቶር ማኒፎልድ ጋር። ሁለተኛው አስመራ የነበሩት አሜሪካኖች ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ነው፤ ጉጦቹ የተኮፈሱ የእሽቅድምድም ካምሻፍት፣ ባለ አራት አፍ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ማኒፎልድ። ሻጩ የማይስማማውን እንዲመልስለት ተነጋግረው ሁለቱንም ይዞ መጣ።

ምርጫው ለሸፊ ከባድ መሆን አልነበረበትም። ቫልቭን ለረጅም ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ነው፤ ቀስ ሲል የሳበውን አየር መልሶ ይተፋዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑም በራሽን ነው። ይህን ሸፊ ለስንቱ ሲያስረዳ ኖሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የጭነት መኪናውን ካምሻፍት ገጠመ። ማክሰኞ ጠዋት አስነሳው፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ተከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም የለም። ሞተሩ መዞሩን እጁ ይነግረዋል፤ ጆሮው ግን ጭር አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸፊ ጆሮ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ ግን ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ነው የከረመው። ሬዲዮው ድምፁ ቀነሰ ብሎ ሁለት ጊዜ ፈቶ ጠግኖታል። የመስጊዱ ሙአዚን ጉንፋን አልለቅህ አለው እያለ ያዝንለታል። ደንበኞቹም ዘንድሮ ሁሉም አፋቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት። በጆሮው ስም ያተረፈ ሰው ጆሮዬ ሄደ ብሎ እንዴት ይመን? በጆሮ የሚሠራ መካኒክ ደንቆረ ከተባለ ማን ማኪናውን ያመጣለታል? አልፈርድበትም።

እናም «ይሄ ትንፋሽ የለውም፣ የሞተ ነው» ብሎ ፈረደ። እንደገና ሦስት ቀን ሠርቶ የአስመራውን ገጠመ። ሲያስነሳው ግቢው ተናወጠ፤ ዱግ ዱግ ዱግ! ሸፊ ፊቱ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሞተር ጥርት ብሎ ተሰማው፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። ያስተማረውን ሁሉ ረስቶ «ለአገር አቋራጭ እንዲህ ያለው ነው» አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ሊሞክሩ ወጡ። አቶ ዓምሃ ይነዳሉ፣ ሸፊ ከጎናቸው፣ የዓለምወርቅ ከኋላ እግራቸውን ዘርግተው። አዲሱ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዳገቱ ሲጀምር ግን ማኪናዋ መንቀጥቀጥ ያዘች። አቶ ዓምሃ ማርሽ ቀነሱ፤ ሳለች፣ ተንተባተበች፣ ከመንገዱ መሐል ቀጥ አለች። የእጅ ፍሬኑም በደንብ አይዝም ነበርና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እየመጡ ነበር። አንዷ ሸክሟን ጥላ ሮጣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ወሸቀችበት። ሸፊ አመስግኗት ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ አቶ ዓምሃም እንደገና አስነሱ። ሴትየዋ ላቧን እየጠረገች ሞተሩን ጎንበስ ብላ አየች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ውስጡ ይመታል» አለች። «ቋ ቋ ቋ ይላል።»

«የለም፣ የራሱ ድምፅ ነው» አለ ሸፊ። ካቻቢቴውን አውጥቶ አዳመጠ። ከዱግ ዱጉ በስተቀር የሰማው የለም።

አቶ ዓምሃ በመስኮት ብቅ አሉ። «ልክ ናት፣ የሚያንኳኳ ነገር አለ። አንተ አይሰማህም?»

«ኧረ እኔም እዚህ ሆኜ ይሰማኛል!» አሉ የዓለምወርቅ ከኋላ።

ሸፊ ሦስቱንም በየተራ አያቸው። የእንጨት ሸክም ተሸክማ የምትወርድ መንገደኛ የሰማችውን ሸፊ አልሰማም።

«ይሰማኛል እንጂ!» አለ። ዋሸ።

ማኪናዋን አዙረው ቁልቁል አንከባለሏት። ግቢው ሲደርሱ ሸፊ ወርዶ ወደ ቤት ገባ።

ባለቤቱ ረሂማ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው ከጋራዡ ግድግዳ ሥር ነው፤ ጋራዡ ከተከፈተ ጀምሮ የባሏን ሞተሮች በግድግዳው በኩል ሰምታለች። ሲገባ ፊቱን አይታ ሥራዋን አቆመች፤ ተነሥታ ዞረችና ከፊት ለፊቱ ቆመች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስታናግረው ሁልጊዜ እንዲህ ፊት ለፊቱ ነው የምትቆመው፤ ሸፊ ይህንንም ልብ ያለው ያን ቀን ነው።

«የቶይባ አባት፣ ምን ሆንክ?» አለችው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ጆሮዬ...» ብሎ ቃሉ ተቋረጠ።

«አውቃለሁ» አለች ረሂማ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሬዲዮውን መጀመሪያ ከፈታኸው ጊዜ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልህ? አገሩ ሁሉ በጆሮህ ይምላል። በየትኛው አፌ ልንገርህ?» እጁን ያዘችው፤ እጁ ግራሶ ለብሶ ነበር፣ ግድ አልሰጣትም። «ደግሞ የመጀመሪያው ነበር ደህናው።»

«የቱ?»

«ማክሰኞ ያስነሳኸው። መነሳቱንም አላወቅኩ፣ ቁጭ ብዬ እጅጌ ሰፍቼ ጨረስኩ። የኋለኛው ግን መርፌዬን ከመስመር ያስወጣል፣ በቃ ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጣል።»

ሸፊ የዚያን ዕለት አለቀሰ። ለጆሮው ይሁን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እየዞረች ፊቱ ለቆመችው ሚስቱ ይሁን፣ እሱም ለይቶ አያውቀውም።

ካምሻፍቱን ቀይሮ ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አይነቃበትም። ሐሳቡ መጥቶለታል፤ ሌሊቱን ግን ሲያብሰለስለው አደረ። ቀይሮ ሌላ የማይሰማው ነገር ቢኖርስ? ማኪናዋ ከሶደሬ መልስ ብትቆም የዓለምወርቅ በእግራቸው አይመጡ! ጠዋት ተነሥቶ ከነሥራ ልብሱ አቶ ዓምሃ ቤት ሄደና እንደቆመ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ጆሮዬ አይሰማም። ካምሻፍቱንም የመረጥኩት ለማኪናው ስለሚስማማ ሳይሆን ለኔ ስለሚሰማኝ ነው። ሌላ መካኒክ ላምጣልዎ።»

አቶ ዓምሃ እንዲቀመጥ ወንበር ሳቡለት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ ዓይኔ ሲደክም ይሄን አደረግኩ እንጂ ሥራዬን አልተውኩም» አሉ ከፍ ባለ ድምፅ። «የመጀመሪያው ይሻል ነበር ያለህ ሰው አለ?»

«ረሂማ ናት።»

«በል እንግዲህ፣ ከሷ ጋር ሥራው።»

እንደገና ሦስት ቀን ፈጀ። የጭነት መኪናው ካምሻፍት ወደ ሞተሩ ተመለሰ፣ ባለ ሁለት አፉም ማኒፎልድ። ረሂማ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ኮፈኑ ሥር ገባች፤ ካቻቢቴው አሁን በእሷ ጆሮ ላይ ነው። መዳፏን ወደ ላይ ስታደርግ ሸፊ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተር ትንሽ ያዞራል፣ ስትጨብጥ ያቆማል። ቫልቮቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ። የሚያንኳኳውን አምስተኛው ቫልቭ ላይ አገኘችው። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሸፊ ሚስቱን መካኒክ አደረጋት!» እያለ ይስቅ ነበር።

ሸፊ ቀና አለ። «ጆሮዬ ደክሟል!» አላቸው ጮክ ብሎ። «ካሁን በኋላ በረሂማ ጆሮ ነው የምሠራው። ያልተስማማው ሌላ ጋ ይሂድ!»

ሳቁ ቀዘቀዘ። አንዳንዱ ከአጥሩ ወረደ፤ አንዱ ደግሞ «ቮልስዋገኔን ነገ ላምጣ ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ዳገቱን ሊሞክሩ ሲነሱ አቶ ዓምሃ «ረሂማ ካልገባች አልነዳም» አሉ። ባሏ በጠገነው ማኪና ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከየዓለምወርቅ ጎን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ማኪናዋ አዲሱ ገበያን አልፋ ዳገቱን ያዘች። ያን ቀን የቆሙበት ቦታ ሲደርሱ ሸፊ ሞተሩን ለማዳመጥ አልሞከረም። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ የሚስቱን ፊት ይመለከት ነበር። ማኪናዋ ሳትንገዳገድ፣ ሳትጣደፍ፣ ቦታውን አልፋ ወጣች፤ ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። የዓለምወርቅ እግራቸውን እንደዘረጉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ረሂማ እንዲያያት ፊቷን አቀናችና ቃሉን ረገጥ አድርጋ፣ «ምንም አይሰማም» አለችው።

«እኔም ምንም አይሰማኝም» አለ ሸፊ። «ከስንት ዓመት በኋላ፣ ረሂማ፣ ዛሬ እኩል ሰማን።»