የጋሽ ታደሰ እግርና የቦርዱ ወገብ

ማሪዬታ ወዳለው የበረዶ ስፖርት ዕቃ መደብር ሥራ ፍለጋ የሄድኩት ከተማችን ያዘጋጀችው ኦሎምፒክ ባለቀ በሁለተኛው ወር ነው። በረዶ በዓመት አንዴ ብልጭ ብሎ በሚጠፋበት ከተማ የበረዶ መንሸራተቻ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ ገባሁ። ባለቤቱ ዌንደል ይባላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሱሪውን በማንገቻ የሚይዝ፣ ሰላምታ የማያበዛ ሰው ነበር። «ካውያ መያዝ ትችያለሽ?» አለኝ። ከዚያ በፊት ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። «እንዴታ» አልኩት፤ በዚህችው ቃል ተቀጠርኩ።

ወደ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደ። የበረዶ መንሸራተቻ ቦርዶቹ ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ሰሙን ካውያው ላይ እያቀለጥኩ እንዳንጠባጥብ፣ ከዚያ እንደ ሸሚዝ እየተኮስኩ እንዳዳርሰው አሳየኝ። ጠዋቱን ሙሉ ስቀባ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የፕላስቲክ መፋቂያ ሰጥቶ የቀባሁትን ሁሉ ፋቂው አለኝ።

«ከፋቅነው ለምን ቀባነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የሚጠቅመው ቦርዱ የጠጣው ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው ያንቀረፍፈዋል» አለኝ።

አላመንኩትም። ሥራ ጠፍቶበት፣ እኔን ላለማባረር የፈጠረው ዘዴ መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ አዘንኩለት።

ስሜ ምንትዋብ ነው። ሦስት ቀን ሞክሮ ሲያቅተው «ሚንቲ» አለኝ። እኔም «ወንዱ» አልኩት፤ ተካካስን። እሱ የክብር ስም መስሎት ደስ ይለው ነበር።

በመደብሩ ሦስት የሥራ እርከን ነበር። ታችኛው ሰም ቀቢና የብረት ጠርዝ ሞራጅ ነው። መካከለኛው ባይንዲንግ፣ ማለትም ቡትን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ የሚገጥም ነው። ላይኛው ፊተር ይባላል፤ ከደንበኛው ፊት ቆሞ ለማን የትኛው ቦርድ እንደሚሆን የሚወስን። ከታች ላይ ለመድረስ አራት ክረምት ፈጀብኝ።

ከደንበኞቻችን መካከል ከሁሉ የተለዩ ስምንት የሚሆኑ ነበሩ። እነዚህ እንደ ሌላው ስኖውቦርድ ነጂ ዘለው አየር ላይ አይገለባበጡም። የእነሱ ደስታ ቦርዱን በጎኑ አቁመው፣ በረዶውን በጠርዙ እየቀደዱ፣ ክርናቸው መሬት እስኪነካ ተጋድመው መታጠፍ ነው። ካርቪንግ ይሉታል። አርብ ከሥራ ወጥተው ሰሜን ካሮላይና ተራራ ድረስ ይነዳሉ፤ ሰኞ እያነከሱ ቢሮ ይገባሉ። ቦርዳቸው ረጅም፣ ድርቅ ያለና ጠባብ ነው። ቡታቸውም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው።

የቦርዱ መካከል፣ ወገቡ የምንለው፣ ምን ያህል ይጥበብ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጠባብ ቦርድ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቶሎ ስለሚገለበጥ ሁሉም ሰው ጠባቡን ይመኛል። ነገር ግን እግር አለ። ቦርዱ በጠበበ ቁጥር ቡቱ ጠርዙን እንዳያልፍ እግርን ይበልጥ ወደ ፊት ማዞር ግድ ይላል። ከልክ በላይ ከዞረ ጉልበትና ዳሌ ያለቅሳሉ። ካልዞረ ደግሞ የቡቱ ጫፍና ተረከዝ ከቦርዱ ውጪ ይቀራሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ሲጋደም ከጠርዙ ቀድሞ ቡቱ በረዶውን ይነካል፣ ጠርዙ ከበረዶው ይላቀቃል፣ ሰውየው ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ዌንደል ይህን በሰንጠረዥ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ሰንጠረዡ አልገባ ሲለኝ ካርቶን ቆረጥኩ። የደንበኛውን ቡት ካርቶን ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ እሥላለሁ፤ ቆርጬ አወጣና ቦርዱ ላይ አድርጌ ለጉልበቱ እስከሚመቸው ድረስ አዞረዋለሁ። ጫፉና ተረከዙ ልክ ጠርዙ ላይ ካረፉ ቦርዱ የእሱ ነው። ካለፉ ሰፋ ያለውን አወርዳለሁ፤ ካልደረሱ ጠበብ ያለውን። ዌንደል መጀመሪያ ሳቀብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መቀሴን እየወሰደ እሱም ይቆርጥ ጀመር።

የዌንደል ሕግ አንድ ነበረች፤ ሰው የሚነግርሽን የጫማ ቁጥር አትመኚ፣ ጫማውን አስወልቀሽ እግሩን ለኪ። ወንዶቹ ቁጥራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ ዝቅ። አንድ የጥርስ ሐኪም አርባ ስድስት ነኝ ብሎ ማለ። ስለካው አርባ ሦስት ሆነ። «ዛሬ ብርድ ስለሆነ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

በአምስተኛው ክረምት ዌንደል ፊተር አደረገኝ። ስሜ የተጻፈበት ባጅ ደረቴ ላይ ለጠፈልኝና «አንድ ቦርድ በስፋቱ ምክንያት ከተመለሰ ግን ምድር ቤት ትመለሻለሽ» አለ። ዌንደል ሲቀልድ ቅንድቡ ይነሳል። ያን ቀን አልተነሳም።

ምድር ቤቱ መስኮት አልነበረውም። ላይ መስኮት አለ፣ ወሬ አለ፣ ሰው «ሚንቲ የታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ያንን እንዳላጣ እፈራ ነበር፤ አልዋሽም።

ታዲያ በዚያው ክረምት ጋሽ ታደሰ መጡ።

ጋሽ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸው። ከስደተኞች ካምፕ መጥቼ ክላርክስተን አፓርትመንት ስገባ የመጀመሪያዋን ፍራሼን በትከሻቸው ተሸክመው ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ኖርክሮስ ነዳጅ ማደያ አላቸው። ልጃቸው ሄለን መሐንዲስ ናት፤ ካርቪንግ የጀመረችው ኮሌጅ ሳለች ነው። አባት ሁለት ክረምት ተራራው ግርጌ ቁጭ ብለው ሲጠብቋት ሰለቻቸውና በሃምሳ አራት ዓመታቸው ተነሥተው ሰፊውን፣ ለስላሳውን ቦርድ ተማሩ። ባለቤታቸው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ተዉአቸው።

«ምንትዋብ፣ እንደ ሄለን ያለ ጠባቡን ስጪኝ» አሉኝ። «በሚቀጥለው ወር አብረን ስንሄድ ድንገት አጠገቧ ልገኝ ነው ሐሳቤ። እንዳትሰማ።»

«ቡት አለዎት?»

«ያገለገለ ገዝቻለሁ። ቁጥሩ ተፍቋል፣ ግን ይመቸኛል። ጋራዥ ጣራ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ካወረድኩት ታይብኛለች። አርባ ሦስት ነኝ፣ በዚያ ሥሪልኝ።»

ጫማዎን ያውልቁ ማለት ነበረብኝ። ለዳኛ ብያለሁ፣ ለፖሊስ ብያለሁ። ለእሳቸው ግን አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ፍራሼን የተሸከመ ሰው ፊት ተንበርክኬ፣ ሜትር ይዤ፣ ቁጥርዎን አላመንኩም ማለት ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «እሺ ጋሽ ታደሰ፣ ማክሰኞ ይምጡ» አልኩ።

ደግሞ ብልጥ ነኝ። የጋሽ ታደሰን ጫማ ያለ ጋሽ ታደሰ ማግኘት የሚቻልበት ቦታ አውቃለሁ። እሁድ ስብከቱ ሲጀመር ሜትሬን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ደጃፉ፣ ጫማ ወደሚደረደርበት መደርደሪያ ወጣሁ። ቡናማው የእሳቸው ነው፤ ተረከዙ ተረግጦ ስለተኛ ከሩቅ ያስታውቃል። ለማውለቅ እንዲመቻቸው ነው ብዬ አለፍኩት፤ ግማሹ ምዕመን እንደዚያው ነው። ሜትሩን ወደ ውስጥ ላክሁት።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉ አንዲት እናት ከኋላዬ።

«ጫማዬን እየፈለግሁ ነው፣ እማማ።»

«ያ እኮ የወንድ ነው።»

«አዎ፣ አሁን አየሁት» ብዬ መልሼ አስቀመጥኩ።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መዋሸቴን ንስሐ ገብቼበታለሁ። ጫማው ግን ልክ አርባ ሦስት ነበር። ሰኞ ከመደብሩ የአርባ ሦስት ቡት አውጥቼ ካርቶን ቆረጥኩ፤ ወገቡ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ ላይ እንደተሰፋ ልብስ ተቀመጠ። ጋሽ ታደሰ ማክሰኞ መጥተው ወሰዱት። ባይንዲንጉን ልግጠምልዎት ስላቸው «ነዳጅ ማደያ ያለኝ ሰው ብሎን ማሰር አያቅተኝም» አሉ።

በሚቀጥለው ወር አንድ ሰኞ ቀን ሄለን ቦርዱን በብብቷ ይዛ ገባች። ጋሽ ታደሰ ወገባቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ።

«እትዬ ምንትዋብ፣ ላይክ፣ ሲሪየስሊ?» አለች ሄለን። «ሦስተኛው ተርን ላይ ዳዲ ፍላይ አደረገ። ጥድ ሥር ነው ያገኘሁት። ቡቱ በዚህም በዚያም አንድ ጣት ወጥቷል። ይሄን ሪተርን እናደርጋለን።»

«ምንም አልሆንኩም» አሉ አባት። «ለጥቂት ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሪተርን፣ ማለትም መመለስ፣ የምትለዋን ቃል ዌንደል ከሱቁ ማዶ ሆኖ ሰማት። መጣ። ቦርዱን አየ፣ ሄለንን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ማን ለካው?»

ጋሽ ታደሰ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ነገርኳት» አሉት። ዝም ብል ኖሮ ላይ እቀር ነበር። ነገር ግን የእኔን ፍራሽ አንዴ ተሸክመዋል፤ ሁለተኛ ሸክም ልጨምርባቸው አልፈለግሁም።

«እኔ ነኝ፣ ወንዱ» አልኩ። «እግራቸውን አልለካሁም። ጫማቸውን ነው የለካሁት። እሱንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደብቄ።»

ዌንደል «ቤተ ክርስቲያን» አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የጋሽ ታደሰን ጫማ አየ። ተረከዛቸው የተኛውን ቆዳ ረግጦ ወደ ውጪ ተርፏል። «ሚንቲ» አለኝ፣ «ይህ ሰው እኮ ሙሉ እግሩ ጫማው ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ተንበረከክሁ። «ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጫማዎን ያውልቁ።»

በአንድ እርግጫ ወለቀ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ። «በየእሁዱ አጠገብሽ አወልቀው የለም እንዴ? ያን ቀን ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ለካሁ፤ አርባ አምስት ተኩል። «አርባ ሦስትማ የነበርኩት ስዳር ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ የገረማቸው ይመስላሉ። ሄለን ቡቱን ከመኪና አመጣች፤ ካርቶኑን ቆረጥኩ፣ ሃያ አንድ ተኩል ወገብ ያለውን ቦርድ አወረድኩ። ጫፍም ተረከዝም ጠርዙ ላይ አረፉ። ይዘው ሄዱ።

ዌንደል ወደ ምድር ቤት የሚወስደውን ደረጃ አየ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለእሱም እንደዚያው። ባጄን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ካርቶኖቼን አቅፌ ወረድኩ። አፈርኩ። በራሴም ተናደድኩ። ያን ሳምንት ሰም ስቀባና ስፍቅ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከደረጃው የእግር ኮቴ ሳይሆን አንድ ለስላሳ ነገር ሰማሁ። ጋሽ ታደሰ በካልሲ እየወረዱ ነው። ጫማቸውን ከላይ፣ ደረጃው አፍ ላይ አውልቀዋል። ከኋላቸው ያ የጥርስ ሐኪም፣ እሱም በካልሲ።

«አዲሱ ቦርድ እንደ ቢላ ነው» አሉኝ። «ለዚህ ሰውዬ እዚህ ነው የሚለካው አልኩት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ ስምንቱም። ለሰዎቹ መቀመጫ ወንበር አወረድን፣ ከዚያ ጠባብ ቦርዶቹ በሙሉ ተከተሉ። ላይ ያለው አዲሱ ፊተር በመስኮቱ መንገድ እያየ ይውላል።

አንድ ቀን ዌንደል ወረደ። ወንበሮቹን፣ በካልሲ የተቀመጡትን ሰዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ካርቶኖች ተራ በተራ ተመለከተ።

«ይህ እኮ ቅጣት ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ ወንዱ። ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

አወለቀ፤ ለካሁት። ቁጥሩን አልናገርም፤ ለዓመታት ሲነግረን ከነበረው ግን ያንስ ነበር።

እስከ ጡረታዬ ድረስ ምድር ቤቱን አልለቀቅሁም። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ የቦርድ ስፋት የሚመረጠው በእግር ነው፤ እግር ደግሞ ባዶውን ይለካል። ማንን ላስቀድም ካላችሁ፣ ጫማዎን ያውልቁ ለማለት የምታፍሩትን ሰው አስቀድሙ።